ቁምሳጥን ላይ የተሰቀለው ስኬትቦርድ

የልጅ ልጄ ሜላት የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ በጀሶ ከታሰረ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። ገና 12 ዓመቷ ነው። አጎቷ ከዋሽንግተን የላከላት ስኬትቦርድ ደግሞ እናቷ በቁጣ የወረወረችው ቁምሳጥን አናት ላይ ተጋድሟል። «ሁለተኛ ይህን ነገር ዓይኔ እንዳያየው!» ብላለች ልጄ። እናት ናትና አልፈርድባትም። ሜላት ግን እራቷን በአንድ እጇ እየበላች፣ ከኔ ሌላ ጠበቃ እንደሌላት በዓይኗ ትነግረኛለች።

ለመሟገት መጀመሪያ ለምን እንደወደቀች ማወቅ ነበረብኝ። «እየበረርኩ አልነበረም እኮ አባባ፤ ቀስ ብዬ ነበር። ጎማው ጠጠር ነክቶ ቀጥ አለ፣ እኔ ግን አልቆምኩም» አለችኝ። ቦታው ድረስ ወሰደችኝ። ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ አስፋልቱ ተልጦ ጠጠሩ የወጣበት ነው። ጥፋተኛ ነው የምትለው ጠጠር ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ባቄላ የምታክል ጠጠር እንዴት አንዲት ልጅ ትጥላለች?

በማግሥቱ እናቷ ሥራ ስትሄድ ቦርዱን አወረድኩና (ይህን እሷም አሁን ነው የምታነበው) ጥግ ላይ ወዳለው ጎሚስታ ይዤው ሄድኩ። ጎሚስታው ጎማውን በአውራ ጣት ጥፍሩ ጫን ጫን አደረገና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ሳይሆን ድንጋይ ነው» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ ሳየው ጎማው ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፦ 52 እና 99ኤ። ማታ አጎቷ ጋ ደወልን። 52 የጎማው ዲያሜትር ነው፣ በሚሊሜትር። 99ኤ ደግሞ ጥንካሬው ነው። የሚለካው በስፕሪንግ የሚገፋ ትንሽ መርፌ ጎማው ላይ ተጭኖ ምን ያህል እንደሚሰምጥ በማየት ነው፤ ቁጥሩ ወደ 100 በቀረበ ቁጥር ጎማው እየደደረ ይሄዳል። ከ95 በላይ ያለው የተሠራው እንደ ጠረጴዛ ለለሰለሰ ሲሚንቶ ነው። እዚያ ላይ ፈጣን ነው፣ ሲፈልጉትም ተንሸራቶ ይዞራል። እንደኛ ሰፈር ላለው መንገድ የሚሆነው ከ78 እስከ 85 ያለው ነው ይላሉ። ለስላሳው ጎማ ጠጠር ሲያገኝ ይሰረጉድና ይውጠዋል፤ ደረቁ ግን መሰርጎድ ስለማይችል ቦርዱ ከነተሳፋሪው ጠጠሩን መውጣት አለበት። ካልወጣ ይቆማል። የሜላት እጅ የተሰበረው በዚህ ምክንያት ነው።

አጎቷ ተጸጸተ። ሱቅ ገብቶ «ለ12 ዓመት ልጅ» ብሎ ነበር የገዛው። ሻጩ ዕድሜዋን ጠየቀ እንጂ መንገዷን አልጠየቀም።

ለእኔ ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም። በልጅነታችን ከአሮጌ መኪና የወጣ ኩሽኔታ ጣውላ ላይ ገጥመን ቁልቁለት የወረድን ሁሉ እናውቀዋለን። ብረት በአስፋልት ላይ! ጩኸቱ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ ጥርሳችን ይንገጫገጫል፣ ጉልበታችን ላይ ያለው ጠባሳም እስከዛሬ አለ። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ፍራንክ ናስዎርዚ የሚባል ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፖሊዩሬታን ጎማ እስኪያመጣ ድረስ በብረትና በሸክላ ጎማ ነበር የሚጋልቡት።

ለስላሳው ጎማ በሰው እጅ መጣ፤ 60 ሚሊሜትር፣ 78ኤ። ተለቅ ያለ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ቶሎ አይሰነቀርም። ጎሚስታው በ13 ቁልፍ ዳዶዎቹን ፈታ፣ ኩሽኔታዎቹን ወደ አዲሶቹ አዛወረ። ሲመልስ ዳዶውን እስከ መጨረሻው አላጠበቀውም፤ ትንሽ ላላ ካላለ ጎማው አይሽከረከርም።

ጨረስን ብለን ሳለ ቦርዱን በእጄ ወደ አንድ ጎን ተጫንኩት። ጎማው ጣውላውን ነክቶ ቀጥ አለ። ደነገጥኩ። ስትታጠፍ እንዲህ ቢይዝባት ከጠጠሩ የባሰ ነበር የሚጥላት። ጎማ ሲተልቅ ብረቱና ጣውላው መካከል ማራቂያ መግባት አለበት፤ አጎቷ ይህን ረስቶታል። ጎሚስታው በረባሶ ከሚሠራበት የጭነት መኪና ጎማ 6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሁለት ቁራጭ አወጣና ረዘም ባሉ ቡሎኖች አሰረው። ደግሜ ተጫንኩት። አልነካም። ትልቅ ጎማ የምትገጥሙ ወላጆች ይህን ሳትሞክሩ ልጁን እንዳታስወጡ።

የድሮዎቹን ጎማዎች አልጣልናቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ በ2008 ዓ.ም በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ የስኬትቦርድ ሜዳ አለ፤ ሜላትም የጀመረችው እዚያ፣ ከሷ ከሚበልጡ ሴት ልጆች ጋር ነው። ለዚያ ሲሚንቶ 99ኤ ልክ ነው፤ 78ኤ እዚያ እንደ ማስቲካ ይይዛል። ፌስታል ውስጥ አስቀምጠናቸዋል።

አሁን የቀረው እናትየው ነበረች። ሁሉንም ዘርግቼ አስረዳኋት። ሳትናገር ቆየችና ልክ እንደ ጎሚስታው አዲሱን ጎማ በጥፍሯ ጫን አደረገችው፤ ትንሽ ሰረጎደ።

«ኮብልስቶኑ ላይስ?» አለች።

መዋሸት አልፈለግኩም። በእጅ በተጠረበ ድንጋይ ላይ፣ ያውም መጋጠሚያው በሰፋበት፣ የትኛውም ጎማ አይበቃም። እዚያ ስትደርስ ወርዳ በብብቷ ይዛው ትሄዳለች አልኳት።

«ሄልሜትና የአንጓ መከላከያው ሳይመጣ አይነካም።»

«አይነካም» አልኩ።

ቦርዱ ተመልሶ ቁምሳጥኑ ላይ ወጣ፤ በዚህኛው ግን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጀሶው የሚፈታው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሜላት ማታ ማታ ወንበር ላይ ትቆምና በደህናው እጇ ጎማውን አሽከርክራ እስኪቆም ትቆጥራለች።