ከመሬት በታች ያለ የከተማ ክብር

ታላላቅ ከተሞችን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ዓይኑን ወደ ላይ ያነሣል። ወደ ሎንዶን የደረሰ እንደ ሆነ፥ ድል አድራጊው ዊልያም በ11ኛው መቶ ዓመት ያስጀመረውን ግንብ፥ ከ1666 ዓ.ም. ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ክሪስቶፈር ሬን ያነጸውን የቅዱስ ጳውሎስን ቤተ ክርስቲያን፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር የቆመውንም የምክር ቤት አይቶ ያደንቃል። ማድነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን የዚያችን ከተማ ሕዝብ ከሞት ያዳነው ሥራ ከነዚህ አንዱ አይደለም። እርሱ ከመሬት በታች ተሰውሮ ይኖራል፤ መንገደኛውም ሳያየው በላዩ ይራመዳል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሎንዶን ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት፤ በዚያም ዘመን በሕዝብ ብዛት የሚተካከላት ከተማ በዓለም አልነበረም። ይሁን እንጂ የቤቱ እድፍ ሁሉ ወደ ቴምዝ ይወርድ ነበር፤ ብዙ ሰዎችም የሚጠጡት ውሃ ከዚያው ወንዝ ይቀዳ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፥ በታላቅ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ንጹሕ ውሃ አጡ። ስለዚህም የኮሌራ በሽታ በ1848 እና በ1849 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ፥ በ1853 እና በ1854 ዓ.ም. ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ የከተማይቱን ሰዎች ገደለ።

በዚያን ጊዜ ከሐኪሞች የሚበዙት በሽታው ከክፉ ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን በ1854 ዓ.ም. ሶሆ በሚባለው ሰፈር የሞቱትን ሰዎች ቤት እየዞረ፥ ውሃ ከወዴት ይቀዱ እንደ ነበረ ጠየቀ። ብዙዎቹም ብሮድ በሚባለው መንገድ ካለው ከአንድ የውሃ መሳቢያ ይጠጡ እንደ ነበረ አገኘ። ይህንም ለሰፈሩ ሹማምት ባስረዳ ጊዜ የመሳቢያውን እጀታ አስነቀሉት። ሆኖም ስኖው በ1858 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ቃሉን የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ።

በዚያው በ1858 ዓ.ም. በበጋው ወራት ሙቀት ጸና፤ ወንዙም እጅግ ከረፋ። ሽታው ወደ ምክር ቤቱ በመስኮት ገባ፤ መጋረጃውን በኖራ መድኃኒት ቢነክሩትም አልቀነሰም። ከዚህ በኋላ አማካሪዎቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለሥራው ሕግ አወጡ። በዚህ ነገር ሊያፍሩ ይገባ ነበር፤ የድሆች ሞት ያላነቃቸውን የገዛ አፍንጫቸው አነቃቸውና።

ሥራው ለመሐንዲሱ ለጆሴፍ ባዛልጌት ተሰጠ። እርሱም ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ታላላቅ የጡብ ቦይ ከመሬት በታች አሠራ። ቦዩም እድፉን ወደ ወንዙ ሳይደርስ ተቀብሎ ከከተማው በታች በስተ ምሥራቅ ያወርደዋል። ባዛልጌት ቦዩን ለጊዜው ከሚያስፈልገው አስፍቶ ሠራው፤ ስለሚወለዱት አስቦአልና። በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ እንደ ገና በተነሣ ጊዜ፥ ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ሥራው ገና ያልተፈጸመበትን የምሥራቁን ሰፈር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወረርሽኙ ወደ ሎንዶን አልተመለሰም። ያ ቦይ ዛሬም ያገለግላል፤ የሕዝቡ ብዛት ስለ በረታበትም፥ 25 ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ ዋሻ ተሠርቶለት በ2025 ዓ.ም. ሥራው ተፈጸመ።

ማንም ሰው ግንብና ጌጥ ከንቱ ነው አይበል፤ ውበትም ለሰው ልብ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የከተማን ታላቅነት ሊመዝን የሚወድ፥ የሕንጻውን ቁመት ሳይለካ አስቀድሞ ከነዋሪዎቹ ሁሉ ድኻ የሆነው ውሃውን ከወዴት እንደሚቀዳ ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ ሽታው ወደ ሹማምቱ መስኮት እስኪደርስ ድረስ የሚዘገይ ከተማ ብዙ ነፍስ ያጠፋል።

ዛሬ በዚያ በሶሆ መንገድ ለመታሰቢያ የተተከለ እጀታ የሌለው የውሃ መሳቢያ ቆሞአል። ቁመቱ ከሰው ቁመት ብዙ አይበልጥም። መንገደኛ ግን ታላላቆቹን ግንቦች አይቶ ሲመለስ በዚህ ፊት ጥቂት ቢቆም፥ ከግንቦቹ ያላገኘውን ትምህርት ያገኛል።