ኢንዶስኮፒ የሚማረው ሐኪሙ ነው ወይስ አለቃው?

አክስቴ ከአርሲ አዲስ አበባ የመጣችው እንጀራ አልወርድ ብሏት ነው። መጀመሪያ ደረቁ፣ ቀጥሎ ፍትፍቱ፣ በኋላ አጥሚቱም ሳይቀር ጉሮሮዋ ላይ ይቆም ጀመር። አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይባቸው አካባቢዎች መሆናቸውን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ ፍርሃታችን ከንቱ አልነበረም። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ።

"መሣሪያው አለ" ተባልን። ኢንዶስኮፒ የሚሉት ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው፣ በጉሮሮ ገብቶ እስከ ጨጓራ ድረስ የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ። ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ሰው ነው። በመሣሪያው የሚሠሩት ሐኪም አንድ ብቻ ናቸው፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ነው። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" ማለት ይኼ አይደል?

ኮሪደሩ ላይ ለስፔሻሊስትነት የሚማር አንድ ወጣት ሐኪም "አይዞዎት እማማ" እያለ አክስቴን ሲያጽናናት አገኘሁት። "ዶክተር፣ ለምን አንተ አትሠራላትም?" አልኩት። ፈገግ አለ። "ወንድሜ፣ ይኼ ከመጽሐፍ የሚቀዳ ሙያ አይደለም። የሚማረው እጅ ነው። የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ቆሞ ካላሳየህ የሰው አንጀት ትበሳለህ" አለኝ። ውጭ አገር ለዚሁ የሚሰጥ ልዩ ኮርስ እንዳለ፣ ከድሃ አገር ለሚመጡ ሠልጣኞችም የጉዞ ድጎማ እንደሚሰጥ አጫወተኝ።

"ታዲያ አታመለክትም?"

ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ነበር። ደብዳቤው ሳምንታት አለቃው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከርሟል። ቀደም ሲል ለመጣው ዕድል ደግሞ በሽተኛ ከነኩ ዓመታት ያለፋቸው አንድ ኃላፊ ሻንጣቸውን ሸክፈው ሄዱ። ውሎ አበል ያለበት ጉዞ ሽማግሌውን ሁሉ ተማሪ ያደርጋል!

አንዴ ደግሞ ለራሱ ደርሶት ነበር። ግን ደንቡ "ትኬቱንና ሆቴሉን ራስህ ከፍለህ ና፤ ደረሰኝ ስታመጣ እንመልስልሃለን" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሐኪሞቻችን በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደመወዙ አላኖረን ብሎ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ታዲያ ይህ ልጅ የአውሮፕላን ትኬት በየትኛው ኪሱ ነው ቀድሞ የሚከፍለው?

"ልከናቸው እዚያው ቢቀሩስ?" የሚሉ አሉ። የሚቀር አይጠፋም፤ አልክድም። ነገር ግን ለመቅረት የቆረጠ ሰው መንገድ አያጣም፤ የሳምንት ኮርስ አይጠብቅም። "ገንዘቡ መሣሪያ ይገዛበት" የሚሉም አሉ። መሣሪያውማ አለ፤ ቀጠሮው ግን ሦስት ወር ነው!

ደግሞስ ይኼ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ቱቦ ከየት መጣ? ቤዝል ሂርሾዊትዝ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ሐኪም ለተጨማሪ ትምህርት አሜሪካ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 መጀመሪያ በራሱ ጉሮሮ አስገብቶ ሞከረው። ወጣት ሐኪም ተጉዞ መማሩ ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማስታወቂያው በደረሰ ማግስት ይለጠፍ። ማን እንደተመረጠና ለምን እንደተመረጠ በግልጽ ይነገር። ድጎማ ሰጪዎችም ትኬቱን ቀድመው ይቁረጡ፤ ደሃን ደረሰኝ አምጣ ማለት አትምጣ ማለት ነው። የሚሄደው መሣሪያውን የሚይዘው እጅ እንጂ ማኅተም የሚመታው አይሁን። ሲመለስም ሌላ ቢሮ ሳይሆን መሣሪያው ዘንድ ይመደብ፤ ሁለት ሦስት ጓደኞቹንም ያስተምር። አሠልጣኞቹን እዚህ ማስመጣት ከተቻለማ እሰየው!

አክስቴ አጥሚቷን በማንኪያ እየተጎነጨች ቀጠሮዋን ትጠብቃለች። እንደሷ የሚጠብቅ ስንቱ ነው? የምትሰሙ ካላችሁ ደብዳቤውን ከመሳቢያ አውጡልን!

ልብ ያለው ልብ ይበል።