አባባን በቴክስት «ትናንት ስንት ጠጡ?» ማለት ነውር ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አባቶቻችን፣ ስለ አረቄና ኪሳቸው ውስጥ ስላለችው ባለቁልፍ ስልክ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። በቅርቡ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን አባቷን በባጃጅ ይዛ መጣች። በላብ ተጠምቀዋል፣ ንግግራቸው ይኮላተፋል፣ አረቄ አረቄ ይሸታሉ። ልጅቷ አቀርቅራ «ሰክረው ነው ዶክተር፣ ይቅርታ» አለችኝ። ነርሷ ስኳራቸውን ስትለካ 38 ሆነ። ለካ ስካር ብቻ አልነበረም፤ ስኳራቸው ወርዶ ነው። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠናቸውና ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸውን ገልጠው «የት ነው ያለሁት?» አሉ።

በኋላ ስንጠይቅ ጠዋት ግሊቤንክላሚዳቸውን ውጠዋል፣ ምሳ አልበሉም፣ ከዚያ ሦስት መለኪያ አረቄ ጠጥተዋል። ይሄ ኪኒን ስኳርን ያወርዳል። አልኮል ደግሞ ጉበት አዲስ ስኳር ሠርቶ ወደ ደም እንዳይለቅ ያግደዋል። ሁለቱ ባዶ ሆድ ላይ ሲገናኙ ሰው ሊሞት ይችላል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ግን «ይተኛበት፣ ይለቀዋል» ይላል። ልጅቷም መጀመሪያ አስተኝታቸው ነበር። ደግነቱ ላባቸውን አይታ ደነገጠች።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ካርዳቸውን ሳወጣ ያለፈው ወር ጽሑፍ የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ግፊት ለክቻለሁ፣ መድኃኒት አዝዣለሁ። ስለ መጠጥ ግን አንድ ቃል የለም። አልጠየቅኳቸውም።

ለምን አልጠየቅኩም? ይሉኝታ ነዋ! እኔ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ ልጅ፣ እሳቸው ነጠላ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ፊቴ የተቀመጡ አባት። «ይጠጣሉ ወይ?» ብዬ ልጀምር? ደግሞ ብጠይቅም መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ኧረ እኔ መጠጥ አልወድም» ይሉኛል። ውሸት አይደለም። ብዙ ታላላቆቻችን «መጠጥ» ሲባል ውስኪና ቢራ ነው የሚመጣላቸው። ጠላ በማኅበርና በሰንበቴ የሚቀርብ ነው፣ አረቄ ደግሞ «ለሆድ ቁርጠት»። ለማነጻጸር ያህል 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ ሲሞላባት ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል ትይዛለች። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራም የሚይዘው ይህንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ሦስት መለኪያ ማለት ሦስት ቢራ ነው። ቤት የሚወጣ አረቄ ጥንካሬው ስለሚለያይ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል።

እማማዎችንማ ማንም አይጠይቅም። ጠላ ጠማቂዋ እናት እየቀመሰች ስንት እንደምትጠጣ ጽፎ የሚያውቅ ሐኪም ካለ እጄን አነሳለታለሁ።

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ይቀንሳል። በአርባ ዓመት ምንም ያላደረገች መጠን በሰባ ዓመት ደም ውስጥ በርትታ ትገኛለች። በዚህ ላይ የግፊት ኪኒን፣ ውኃ የሚያወጣ ኪኒን፣ አንዳንዴም ለእንቅልፍ ዳያዜፓም ይጨመራል። ማታ ወደ ሽንት ቤት ሲነሱ መውደቅ፣ የዳሌ አጥንት መሰበር፣ ከዚያ አልጋ። ይሄን ታሪክ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ቴክስት ምን ያደርጋል? ሐሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ ፒትስበርግ አካባቢ ብራያን ሰፎሌቶ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ድንገተኛ ክፍል የመጡ 765 ወጣቶችን ለ12 ሳምንት በቴክስት ተከታትሎ ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ስንት እንደጠጡ ተጠይቀው ለመልሳቸው ምላሽ ይላክላቸው የነበሩት፣ ብዙ የሚጠጡበትን ቀን ቀነሱ። ጥያቄ ብቻ ተልኮላቸው ምላሽ ያላገኙት ግን አልቀነሱም። ተሳታፊዎቹ ከ18 እስከ 25 ዓመት ስለነበሩ ለሰባ ዓመቱ አባባ በቀጥታ አይሠራ ይሆናል። እኔ የያዝኩት ግን ያቺን አንድ ነገር ነው፦ መልስ የሚሰጥ ሰው ከወዲያ ማዶ መኖር አለበት።

ለዚህ ነው «መንግሥት ለሁሉም ሽማግሌ ኤስኤምኤስ ይላክ» የሚለው ሐሳብ የማይዋጥልኝ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲመጣ ስልክ በደወልን ቁጥር ጥሪው ቀርቶ የጥንቃቄ መልእክት እንሰማ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ? መጀመሪያ ሁላችንም ሰማን። ከወር በኋላ ስልኩን ከጆሮአችን አርቀን እስኪያልቅ እንጠብቅ ነበር። ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ቃል ቶሎ ይሰለቻል። ሕጉም ቢሆን ድርሻው ውሱን ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል፣ ጥሩ ነው። አረቄ ግን ድሮስ መች ማስታወቂያ ነበረው?

እኔ በአጎቴ ላይ ሞከርኩ። አየር ጤና ነው የሚኖሩት፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ግፊት አለባቸው። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው መልእክቴ ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ ነበር፤ «አልኮል ለጉበትና ለልብ ሕመም፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። ዛሬውኑ ያቁሙ» የሚል። ወዲያው ደወሉ። «ይሄ ቴሌ ነው ወይስ አንተ ነህ? ልትቀብረኝ ቸኮልክ እንዴ?» ዘጉት።

ቅዳሜ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ የሚፈልጉት ምንድነው?» አልኳቸው። «በግራ እግሬ አልወድቅ ብቻ» አሉ፤ ባለፈው ክረምት ወድቀው ነበር። ተስማማን። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቤት ሳይወጡ፣ እልክላቸዋለሁ። እሳቸው ቁጥር ብቻ ይመልሳሉ። «መለኪያ ብለህ አትጻፍ፣ ስልኩን የልጅ ልጆቹ ይነኩታል» ስላሉ በ«ዙር» ተስማማን። የምልከው እንዲህ ነው፤ «ጋሼ እንዴት ዋሉ? ትናንት ስንት ዙር ነበር?» መጀመሪያ «5» ይሉ ነበር። ከዚያ «4»። አንድ ቀን «3 ግን ልቅሶ ነበር» ብለው ጻፉልኝ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔም መለስኩ፤ «ልቅሶ ላይ ሦስት ማለት ጎበዝ ነው። ዛሬ ምሳ በልተው ይውጡ።» አሁን አብዛኛውን ቀን ሁለት ላይ ናቸው። አንድ አጎት ጥናት አይሆንም፣ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል፤ ሁለትም ቢሆን ዜሮ አይደለም። ግን ከአምስት ሁለት ይሻላል፣ በተለይ ደረጃ ለሚወጣ እግር።

መላክ ለምትፈልጉ አንድ ቴክኒካል ነገር አለ። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ ፊደል ግን ክፍት ቦታውን ጨምሮ 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ይከፈልና እንደ ሁለት ይቆጠራል። አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ፊደላችን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሰላምታ ልካችሁ «ይነበባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በዚያው ሰዓት ደውሉ፣ ልጅ እንዲያነብላቸው አታድርጉ። ሚስጥራቸው ነው። «እርስዎ» ማለትንም እንዳትረሱ፣ በስልክ ሲሆን ቶሎ ይረሳል።

ይሄን ግን በቴክስት አትሞክሩ፦ ጠዋት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ካልቀመሱ የማይረጋጉ፣ ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጡ ከሆነ በአንድ ጊዜ እንዲያቆሙ አትገፋፏቸው። ካቆሙ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መቃዠት፣ ትኩሳትና የሌለ ነገር ማየት ይከተላል፤ ይሄ ገዳይ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሆስፒታል ሆኖ፣ በመድኃኒት ታግዞ ነው ማቆም ያለበት። ወደ አማኑኤል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ድንገት ከተባባሰ ደግሞ ለኛ ሰፈር ሰው ቅርቡ አለርት ነው። የስኳር ታማሚ ሆነው «የሰከሩ» ከመሰላችሁም አታስተኟቸው፤ ስኳራቸውን አስለኩ።

ያ ካርድ ላይ ስሜ ያለበት አባት ሰኞ ለክትትል መጥተው ነበር። በዚህ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ቁጥራቸውንም ሰጡኝ።

እስቲ እናንተም ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ ምን ብላችሁ ብትጽፉ እንደሚመልሱላችሁ ጻፉልኝ። እኔ አጎቴ የዛሬውን ስላልመለሱልኝ ልደውልላቸው ነው።