ጥፋቱን ለሚያርመው እንንገር



በኮምፒዩተር ክፍላችን በየቀኑ ማጉረምረም ይሰማል። «ይኽ ፕሮግራም ይቆማል፤ ያኛው ፊደል ያበላሻል» ይባላል። ተናጋሪውም አድማጩም ራሳቸውን ነቅንቀው ይለያያሉ። ጥፋቱ ግን በነበረበት ይቀራል፤ ሊያርመው የሚችለው ሰው አልሰማምና።

ምንጩ ለሁሉ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ሲሆን ደግሞ ይኽ ዝምታ ይበልጥ ያሳፍራል። ሠሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የስሕተት መዝገብ ከፍተው የተጠቃሚውን ቃል ይጠብቃሉ። ደጅ መጥናት የለበትም፤ አማላጅም አያሻውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለምን?

ይሁን እንጂ አቤቱታም ቦታ አለው። በአበርገሌ ኽምጣንጋ የሚያስተምር አንድ መምህር የፈተና ወረቀት ሲያዘጋጅ አንዱ ፊደል ባዶ ሣጥን ሆነበት እንበል። ለማን ይናገር? የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷልና በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፎንቱ ነው። ፎንቱን ለውጦ ሣጥኑ ከጠፋ፣ ለፎንቱ ሠሪዎች ይጻፍ፤ ኖቶም አቢሲኒካም በጊትኸብ ላይ መዝገብ አላቸው። አንዱን ፊደል ሲነካ ሌላው ከወጣ ግን ጥፋቱ ኪማንን የመሰለው የመተየቢያ ፕሮግራም ነው። በማንኛውም ፎንት ቢሞከር በሊብሬኦፊስ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ፣ ቦታው ቡግዚላ የተባለው የሊብሬኦፊስ መዝገብ ነው። ዴቢያን ደግሞ አቤቱታ የሚቀበለው በኢሜይል ስለ ሆነ፣ ኔትዎርክ በጠፋበት ቀን ጽፎ አስቀምጦ በኋላ መላክ ይቻላል።

ሁልጊዜ ግን ሩቅ ደጅ አይንኳኳም። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለአገር አቀፍ የጤና ሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 መሠረቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቅጾቹ የተዘጋጁት ግን በአገራችን ነው። የክትባት ድምሩ አልገጥም ያለው የጤና ባለሙያ ቢኖር፣ አስቀድሞ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያመልክት፤ ከዚያም ነገሩ በየደረጃው ለሚኒስቴሩ ይድረስ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ የራሱ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ወደ ኦስሎ ይለፍ። የሕመምተኛ ስም በማንኛውም ክፍት መዝገብ ላይ ከቶ ሊጻፍ አይገባም። ሌባ ሊገባበት የሚችል የደኅንነት ቀዳዳም ሳይደፈን በአደባባይ አይነገርም፤ ለሠሪዎቹ በምስጢር ይጻፋል።

አጻጻፉ ከባድ አይደለም። አስቀድሞ ሌላ ሰው ያመለከተው መሆኑን መዝገቡን ማየት፤ ከዚያም የትኛው እትም እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ተደረገ፣ ምን እንደ ተጠበቀና ምን እንደ ታየ በቅደም ተከተል መጻፍ ነው። በአንድ ማመልከቻ አንድ ጥፋት ብቻ ይበቃል። «አይሠራም» የሚል አንድ ቃል ግን ለማንም አይጠቅምም።

እዚህ ላይ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ይመጣል። እነዚህ መዝገቦች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ናቸው። የአበርገሌው መምህር የቋንቋውን ፊደል ከማንም በላይ ያውቃል፤ ፎንቱን የሠራው ሰው ግን ኽምጣንጋ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። በሁለቱ መካከል የሚቆም ጸሐፊ ያስፈልጋል። በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የባላገሩን አቤቱታ የሚጽፍ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ እኛም ለወላጆቻችንና ለመምህሮቻችን ይኽን ብንሠራ ምን ይጎድልብናል? ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ «ምን አስቸገራችሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ጽፈን ለሚያርመው እናድርስ። የልጆች ፈተና ከነሣጥኑ የሚታተመው እኛ ዝም ስንል ነው።