ስንቅ የሚቋጥሩ እንግዶች

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ እሁድ ጠዋት፣ ቡናው እስኪፈላ ደጃፍ ተቀምጬ ሳሩ ላይ የሚርመሰመሱትን ቢጫ ወፎች ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። ሮጥ ይላሉ፣ ቀጥ ብለው ረጅም ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ብድግ ብለው ዝንብ ይቀልባሉ። ሌሊት የጣለው የበልግ ዝናብ ነፍሳቱን ከጉድጓዳቸው አውጥቷል።

«እነዚህ እኮ ሰሞኑን ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው» አልኳቸው የግቢያችንን ዘበኛ።

«ወደ የት አገራቸው?» አሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ከመስቀል ጀምሮ እዚሁ አይደሉም እንዴ?»

ሰው ሲጠፋብን «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንላለን። የሚገርመው ግን በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ የትም አይሄዱም። ወንዶቹ በክረምቱ መውጫ የመራቢያ ላባቸውን ሲለብሱ ድንገት የመጡ ይመስሉናል፤ በኋላ ያንን ጌጥ ጥለው እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሲሆኑ፣ አጠገባችን እያሉ «ጠፉ» እንላቸዋለን። ባሕርና በረሃ ተሻግራ የምትመጣውን ቢጫዋን ደግሞ የሰፈር ወፍ አድርገናታል።

የአውሮፓና የእስያ ብርድ ሲቃረብ ወደኛ በጋ ትወርዳለች፤ መስከረም ላይ ደርሳ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ከከብት እግር ሥር፣ ከኳስ ሜዳና ከግቢ ሳር ነፍሳት ስትለቅም ትከርማለች። ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ 20 ግራም አይሞላም።

መሄጃዋ መድረሱን ማን ይነግራታል? እኛ ዘንድ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤበርሃርድ ግቪነር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስደተኛ ወፎችን የብርሃንና የጨለማው ሰዓት በማይለወጥ ክፍል አኑሮ ሲከታተል፣ በወቅቱ ላባቸውን ይቀይሩ፣ ለጉዞም ይወፍሩ ነበር። የቀን መቁጠሪያው በውስጣቸው ነው ማለት ነው። ጊዜው ሲደርስ ያለ ልክ ይበላሉ፤ ከትንንሾቹ ስደተኞች አንዳንዶቹ ክብደታቸው እጥፍ ሊደርስ እስኪቃረብ ድረስ ስብ ያከማቻሉ። በረሃው ላይ ምግብ ስለሌለ ስንቃቸው ያው ስባቸው ነው።

አንድ ሳር ላይ አብረው ቢበሉም ሁሉም እኩል አይነሱም። ራሳቸው ጥቁር የሆነው ወንዶች ወደ ባልካንና ወደ ቱርክ ስለሚሄዱ ቀድመው ይነሳሉ። ራሳቸው ግራጫ ከሆነው መካከል ወደ ሰሜን ስካንዲኔቪያና ወደ ሩሲያ የሚያቀኑት ግን ይቆያሉ፤ ቀድመው ቢደርሱ የሚጠብቃቸው በረዶ ነው። የዘገየ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ቤቱ ገና ያልተከፈተለትም አለ።

እኛ እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን። ደግ ቤት የሚለየው ግን በሽኝቱም ጭምር ነው፤ ለመንገደኛ ዳቦ ቆሎ ይቋጠርለታል፣ እስከ መንገዱም ይሸኛል። ለእነዚህ ወፎች ስንቅ መቋጠር ቀላል ነበር፦ መርዝ ያልተረጨበት ትንሽ ሳር፣ ትንሽ ውኃ። እኔ ግን ባለፈው ዓመት፣ ጭቃው ስላስመረረኝ፣ ግቢውን ሙሉ ኮብልስቶን ለማንጠፍ ዋጋ አስጠይቄ ነበር። የተውኩት ዋጋው ስለከበደኝ እንጂ ለወፍ አዝኜ አይደለም። ዘንድሮ ገንዘቡ ቢኖረኝም ሳሩን የምነካው አይመስለኝም።

የዘበኛችንን ጥያቄ ግን እስካሁን በአግባቡ አልመለስኩላቸውም። ቢጫዋ ወፍ የዓመቱን ከግማሽ በላይ የምትኖረው እኛ ዘንድ ነው፤ እዚያ የምትሄደው ወልዳ ልትመለስ ነው። አገሯ የትኛው ነው?

በሳምንቱ እሁድ እንደገና ቆጠርኩ።

«ስንት ቀሩ?» አሉኝ።

«ሰባት። ጥቁር ራሶቹ የሉም።»

ዘበኛችን ሳሩን አዩና ሊያጭዱበት የያዙትን ማጭድ ግድግዳው ላይ መልሰው ሰቀሉት።