የኮክ ፍሬ መንገድ

ኮክ በልተን የምንጥላት ያቺ ሸካራ ፍሬ ናት ይህን እትም ያስጀመረችን። ሮማውያን ኮክን «የፋርስ ፖም» ይሉት ነበር፤ ከፋርስ የመጣ መስሏቸው። የትውልድ አገሩ ግን ቻይና ነው።

በአንጻሩ ወደ ምሥራቅም ብዙ ተክል ተጉዟል። የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉዲ መልእክተኞች፣ በመካከለኛው እስያ ካለችው ፌርጋና የወይንና የአልፋልፋ ዘር ይዘው ተመለሱ። አልፋልፋው ንጉሡ አጥብቆ ለሚወዳቸው የምዕራብ ፈረሶች መኖ ነበር፤ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ አስዘራው።

ምሁሩ በርቶልድ ላውፈር እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው «ሳይኖ-ኢራኒካ» በተሰኘ መጽሐፉ የእንዲህ ያሉ ተክሎችን ስም አንድ በአንድ እየተከተለ ታሪካቸውን አጥርቷል። እኛም ያንኑ ፈለግ መርጠናል፤ ዘሩን በጨርቅ ቋጥሮ የተሻገረው መንገደኛ ስሙ ባይቀርም፣ የተክሉ ስም ቀርቷልና። ቻይናውያን ስፒናችን «የፋርስ ቅጠል» ብለውት ነበር። ንባቡን ከስፒናች ታሪክ ጀምሩ።