ሳይቃጠል በቅጠል

እኛ በሀዋሳ የኮምፒዩተር ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች ከቀደሙን ጓደኞቻችን የምንወርሰው ኮድ ጥቂት አይደለም። የአማርኛ ጽሑፍ መፈለጊያ አንዱ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ በዓለም ኹሉ ከታወቁት ላይብረሪዎች አንዱ ሉሲን ይባላል።

ላይብረሪውን ስናድስ ኮምፒዩተሩ «ይህ ሊሻር ነው፤ በምትኩ ሌላ አለ» እያለ ያስጠነቅቀናል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ማስጠንቀቂያውን በአንዲት መስመር ዝም አሰኝተን ወደ ቡናችን እንሄዳለን። ይህ ዕዳን ለታናሾቻችን ማውረስ ነው።

የሉሲን አዘጋጆች በድንገት አይሽሩም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 በሴፕቴምበር ወር 2.9ን ሲያወጡ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አኖሩ። በኖቬምበር 3.0 ሲወጣ አሮጌው ተነሣ። የፍለጋን ውጤት ይመልስ የነበረው ሂትስ ያን ጊዜ ቀርቶ ቶፕዶክስ ቦታውን ያዘ። በ2.9 ላይ ቆሞ ማስጠንቀቂያዎቹን ያጸዳ በሰላም ተሻገረ፤ የዘለለው ግን የማይሠራ ኮድ ታቅፎ ቀረ።

ከዚህ የባሰው ድምፅ የሌለው ጥፋት ነው። በአማርኛ አንዱ «ሐይቅ»፥ ሌላው «ሀይቅ» ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ «ሀዋሳ»፥ ሌላው «አዋሳ» ይላል። እነዚህን የሚያስማማው ራሳችን የጨመርነው ኮድ ነው። በእድሳቱ ጊዜ ይህ ኮድ ተለውጦ ኢንዴክሱ እንደገና ካልተሠራ፥ ጥያቄው በአዲሱ ደንብ ይሄዳል፤ መዝገቡ በአሮጌው ይቀራል። ስሕተት ተብሎ የሚታይ ነገር የለም፤ «ምንም አልተገኘም» ይላል እንጂ። ስለ ሐይቃችን የተጻፈው ጥናት በመደርደሪያ ላይ ሳለ አንዱ ተማሪ የለም ብሎ ያንኑ እንደገና ይደክምበታል።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። አስቀድመን ወደ አሮጌው ተራ መጨረሻ እትም እንውጣ፤ ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ ባንድ እያነበብን ምትካቸውን እናስገባ። መልሳቸውን የምናውቃቸውን ሃያ ያህል የአማርኛ ጥያቄዎች ጽፈን ከለውጡ በፊትና በኋላ እንፈትንባቸው። ከተሻገርንም በኋላ ኢንዴክሱን እንደ አዲስ እንሥራ፤ በሉሲን 7 የተሠራውን ኢንዴክስ ሉሲን 9 በተለመደው መንገድ አይከፍተውምና።

«ፈተና ደርሷል፤ ጊዜ ከየት ይምጣ?» የሚል ወንድም ወይም እህት አይጠፋም። እውነት ነው፥ ጊዜ የለንም። ነገር ግን ለከርሞ ይህን ኮድ የሚረከበውም ተማሪ ፈተና አለበት። እኛ ማስጠንቀቂያውን አይተናል፤ እርሱ የሚያየው ቃጠሎውን ብቻ ነው።